ፍራንክፈርት፦ ደብዳቤ አይደርሰኝም፣ ደሞዜም በታክስ እያለቀ ነው

አዲስ_ገቢ
ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። በነርስነት አውስቢልዱንግ (እየሠሩ መማር) ፍራንክፈርት ከገባሁ ጥቂት ወራት ሆነኝ። ቋንቋውን አዲስ አበባ እያለሁ ቢ2 ደረጃ ጨርሼ ስለመጣሁ በሱ በኩል እግዚአብሔር ይመስገን፤ ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆችም ደጎች ናቸው። የቸገረኝ ወረቀቱ ነው። የደሞዝ ወረቀቴ ላይ «ሽቶየርክላሰ 6» (የታክስ ክፍል 6) ተብሎ ተጽፎ ታክስ ይቆረጥብኛል፤ አብረውኝ የጀመሩት ግን ታክስ የሚባል ነገር አያውቁም። ሰው ኃይል ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ «የታክስ ቁጥርሽን አምጪ» አሉኝ። እሱ ደግሞ አልደረሰኝም። የባንክ ካርዴንም «ልከናል» ይላሉ፣ የጤና መድን ካርዴንም «ልከናል» ይላሉ፤ እጄ የገባ ነገር የለም። ሐኪም ጋ በሄድኩ ቁጥር ክራንከንካሰው (የጤና መድን ድርጅቱ) በፋክስ ማረጋገጫ እስኪልክ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ (አዎ፣ በፋክስ!)። አንሜልዱንግ (የአድራሻ ምዝገባ) በጊዜው አድርጌያለሁ፣ ወረቀቱም አለኝ። የምኖረው አንድ የአገራችን ሰው ቤት አንዱን ክፍል ተከራይቼ ነው። ምን ጎድሎኝ ነው?

የሄሰን_ልጅ
የፖስታ ሳጥኑ ላይ ስምሽ አለ?

አዲስ_ገቢ
የለም፣ የሱ ስም ብቻ ነው ያለው። ልለጥፍ ብዬው «ሃውስማይስተሩ (የሕንፃው ተንከባካቢ) ካየ ነገር ይመጣል፣ ደብዳቤ ሲመጣ እኔ እሰጥሻለሁ» አለኝ። ሰውየው ደግሞ ክፉ አይደለም። ኤርፖርት ድረስ መጥቶ የተቀበለኝ እሱ ነው፣ የመጀመሪያውን ወር ኪራይም ታግሦኛል። ደጋግሜ ለመጠየቅ ይሉኝታ ያዘኝ።

የሄሰን_ልጅ
በቃ፣ ሁሉም ችግርሽ ከዚያው ሳጥን ነው የሚወጣው።

እዚህ አገር አብዛኛው ሕንፃ የአፓርታማ ቁጥር የለውም። ፖስተኛው የሚፈልገው ስም ነው። ሳጥኑ ላይ ስምሽን ካጣ «በዚህ አድራሻ አልተገኘችም» ብሎ ለላኪው ይመልሰዋል፤ አከራይሽ እጅ የሚገባ ነገር ስለሌለ እሱም የሚሰጥሽ የለውም። የታክስ ቁጥሩ አንሜልዱንግ ካደረግሽ በኋላ ራሱ ነው የሚመጣው፣ ግን በፖስታ ብቻ። በስልክ ወይም በኢሜይል ንገሩኝ ብትይ አይነግሩሽም። የባንክ ካርዱና ፒኑም ለየብቻ በሁለት ፖስታ ነው የሚላኩት። ሁሉም ተልኳል፣ ሁሉም ተመልሷል።

አሁን ታክሱ። አሠሪ ቁጥሩን ካላገኘ በክፍል 6 እንዲቆርጥ ሕጉ ያስገድደዋል፤ መሥሪያ ቤትሽ ጠምዶሽ አይደለም። ጥፋቱ የሠራተኛው ካልሆነ ግን እስከ 3 ወር ድረስ በትክክለኛው ክፍል እንዲያሰላ ይፈቀድለታል፤ ስለዚህ «ቁጥሩ ያልደረሰኝ በፖስታ ችግር ነው» ብለሽ በጽሑፍ አስገቢ። እስካሁን የተቆረጠውም አይጠፋም። ቁጥሩን ስታመጪ ወደ ኋላ ሄደው ያስተካክሉልሻል፣ ካላስተካከሉም የዓመቱን የታክስ ማስታወቂያ ፊናንስአምት (የታክስ ቢሮ) አስገብተሽ ታስመልሻለሽ፤ ለዚያ 4 ዓመት ጊዜ አለሽ። በአውስቢልዱንግ ደሞዝ፣ ያላገባሽ ከሆንሽ፣ በክፍል 1 የሚቆረጥ ታክስ ከምንም አይቆጠርም። በዚህ በኩል እዳው ገብስ ነው። የጡረታና የጤና መዋጮው ግን የማንም ሰው ደሞዝ ላይ አለ፣ ከታክሱ ጋር እንዳታደባልቂው።

ቁጥሩ እንደገና እንዲላክልሽ በፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ቅጽ አለ። ግን መጀመሪያ ስምሽን ለጥፊ። አለዚያ እሱም ሄዶ ይመለሳል።

እማማ_ኦፈንባህ
ልጄ እንኳን ደህና መጣሽ። ልጁ ያለው ልክ ነው፤ እኔ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ስም ስትለጥፊ የትኛውን ስም እንደምትለጥፊ አስቢበት።

እኔ በደርግ ጊዜ የመጣሁ ነኝ። ያኔ ደስ ብሎኝ ሳጥኑ ላይ የራሴን ስም ብቻ በትልቁ ጻፍኩበት። ደብዳቤው የሚመጣው ግን «ፍራው ወልደማርያም» ተብሎ ነው። ፓስፖርት ላይ መጨረሻ ያለውን ነው የቤተሰብ ስም የሚያደርጉት፤ ወልደማርያም ደግሞ አያቴ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና ባሕር ተሻግረው የማያውቁት ሰውዬ ኦፈንባህ ላይ ይኸው እስከ ዛሬ ደብዳቤ ይጻፍላቸዋል። የመብራት ሒሳብ ሳይቀር።

ኋላ ሳገባ የባሰ መጣ። ባለቤቴ በራሱ አያት ስም፣ እኔ በኔው፣ ልጆቹ ደግሞ በሱ አባት። አንድ ቤት፣ ሁለት ሦስት ስም። ሕፃናት መዋያው ልጄን ልወስድ ስሄድ እናቱ መሆኔን በወረቀት አሳዪ ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ሳጥኑም ደወሉም ላይ የራስሽንም የአያትሽንም ስም አድርጊ። ቡርገርአምት (የነዋሪዎች ቢሮ)፣ ባንክ፣ ክራንከንካሰ፣ መሥሪያ ቤት ሁሉም ጋ ስምሽ በአንድ ቅደም ተከተል፣ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፍ። አንዱ ጋ ሁለት «ኤስ» ሌላው ጋ አንድ «ኤስ» ከሆነ የሁለት ሰው ፋይል ከፍተው ቁጭ ይላሉ። ልጅ ከኋላሽ የሚመጣ ከሆነም የልደት ወረቀቱን አስተርጉመሽ አረጋግጠሽ ያዥ፤ ዛሬ ነገ ስትይ ትጠየቂያለሽ።

ደረቅ_እውነት
ሁላችሁም ሳጥን ሳጥን ትላላችሁ፣ ዋናውን ትታችሁ። ሰውየው እሱም የተከራየውን ቤት ለሌላ ሰው ማከራየቱን የቤቱ ባለቤት የሆነው ድርጅት አያውቅም፣ ስሟን የሚደብቀው ለዚያ ነው። ግማሹን ኪራይ እሷ ላይ ጥሎ «ኤርፖርት ተቀብዬሻለሁ» ይላታል። እኔ የመጣሁ ጊዜ ሐበሻ ያለበት ቤት አልገባም ብዬ ከጀርመኖች ጋር ነው የኖርኩት፤ ቋንቋዬም የተስተካከለው በዚያ ነው። ምክሬ፦ ውጪ። ሻንጣሽን ይዘሽ ውጪ።

ነርስ_በማይንዝ
ደረቅ እውነት፣ ወዴት ትውጣ? እስቲ ቦታውን ንገራት። ቤት አከራዮቹ የመጨረሻውን 3 ወር የደሞዝ ወረቀትና የሹፋ (የብድር ታሪክ) ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ትናንት ከቦሌ የተነሣ ሰው ከየት ያመጣል? ከዚያ ደግሞ እስከ 3 ወር ኪራይ የሚደርስ ማስያዣ አለ (በ3 ጊዜ ከፍሎ መጨረስ መብት ነው፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም)። ያለ ወረቀት በሩን የሚከፍትልህ የአገርህ ሰው ነው። ያ ውለታ የእውነት ውለታ ነው፣ አታቃልለው።

እህቴ፣ ሰውየውንም ሳትጣዪ ስምሽንም ሳትደብቂ የሚሄድ መንገድ አለ። እሱ ራሱ እዚያው እየኖረ ከሆነና አንዱን ክፍል ለማከራየት በቂ ምክንያት ካለው፣ ኪራይ መጋራትም ምክንያት ነው፣ ከባለቤቱ ፈቃድ የመጠየቅ መብት በሕግ አለው። ባለቤቱ እንዲሁ ደስ ስላላለው ብቻ እምቢ ማለት አይችልም። ፈቃድ ሳይጠይቁ ማከራየት ነው አደጋው፤ ከተደረሰበት እሱ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፣ ውሉም ሊቋረጥ ይችላል፣ አንቺም አብረሽ ሜዳ ላይ ነሽ። እንዲህ ብለሽ አስረጂው፤ «ስሜን ለጥፍልኝ» ከማለት «አንተም እንዳትቸገር ፈቃድ እንጠይቅ» ማለት ይሻላል። ይሉኝታውም ይቀልሻል። አይዞሽ።

ጎን ለጎን ሆስፒታልሽ የሠራተኛ ማደሪያ እንዳለው ጠይቂ። የኔ ነበረው፣ ማንም ግን ቀድሞ አልነገረኝም። ተራ አስይዤ ነው ያገኘሁት።

ሰፈሬ_ጋሉስ
ሳይቆጣ መነጋገር ነው እንጂ። የኔ አከራይ መጀመሪያ ላይ አኩርፎ ነበር፣ ኋላ ግን ተግባባን።

አወያይ
ከዚህ በላይ የነበረ አንድ መልእክት ተነሥቷል። «በገንዘብ አድራሻ አስመዘግባለሁ» የሚል ነበር። ሳይኖሩበት አድራሻ መስጠት እስከ 50,000 ዩሮ የሚያስቀጣ ጥፋት ነው፤ የሚመዘገበውም ሰው ይቀጣል። ለአዲስ መጤ ደግሞ ጥቅሙም አይታየኝም፦ ሰው የሌለበት ሳጥን ደብዳቤ ሲውጥ ነው የሚኖረው። በዚህ መድረክ ላይ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ይታገዳል።

ዳርምሽታት_ዙሪያ
ስሟ ተለጥፎ ደብዳቤው መምጣት ሲጀምርስ? እዚያ ላይ ነው እኔ ብዙ የአገራችን ሰው ሲጎዳ ያየሁት። ፖስታው ሳይከፈት ፍሪጅ ላይ ይከመራል። «በዶይች ተጽፎ፣ ማን ያነበዋል፣ ቅዳሜ ልጁ ሲመጣ ያነብልኛል።» ቅዳሜ ሲደርስ ቀኑ አልፏል።

ቢጫ ፖስታ (የፍርድ ቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው) ካየሽ በዚያው ቀን ክፈቺ። ፖስታው ላይ ፖስተኛው በእጁ የጻፈው ቀን አለ። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ሳጥን ውስጥ ከገባበት ዕለት ነው፤ አነበብሽው አላነበብሽው ግድ የላቸውም። ቅጣት ከሆነ መቃወሚያው 2 ሳምንት ብቻ ነው። ፖስታውንም አትጣይው፣ ማስረጃሽ እሱ ነው። ተራ ነጭ ፖስታም ቢሆን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ፣ ከ2025 ወዲህ፣ በተላከ በ4ኛው ቀን እንደደረሰሽ ይቆጠራል፤ ብዙውን ጊዜ ለመቃወም 1 ወር አለሽ። ቀኑን ራስጌው ላይ በእስክሪብቶ ክበቢው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ ደብዳቤም ይመጣል። ቴሌቪዥን የለኝም ብሎ መቅደድ አይሠራም። ክፍያው በሰው ሳይሆን በቤት ነው፣ በወር 18.36 ዩሮ። አከራይሽ የሚከፍል ከሆነ የሱን የከፋይነት ቁጥር ጽፈሽ መልሺላቸው፣ ያልቃል። ዝም ካልሽ ግን የመዘግየት ቅጣቱን ጨምሮ ከዓመት በኋላ ይመጣል፤ እኔ የማውቀው ልጅ የሁለት ሰው ክፍያ ለአንድ ቤት ሲከፍል ከርሟል።

የሚያነብልሽ ካጣሽ ካሪታስ፣ ዲያኮኒ፣ ቀይ መስቀል ጋ የስደተኞች ማማከሪያ አለ። ዕድሜሽ ከ27 በታች ከሆነ ደግሞ ለወጣቶች ብቻ የተቋቋመ አለ። በነፃ ነው። ተርሚን (ቀጠሮ) ያዢና ፖስታዎቹን በፌስታል ሞልተሽ ሂጂ፣ አያፍሩብሽም፣ ለምደውታል።

ደረቅ_እውነት
እዚህ ላይ እስማማለሁ። በር አንኳኩቶ «የመብራት ውልሽን ላሳንስልሽ» የሚል ሱፍ የለበሰ ሰውም ይመጣል። ምንም አትፈርሚ። ከፈረምሽም በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መሰረዝ ትችያለሽ፤ ምክንያት መስጠት አይጠበቅብሽም።

አዲስ_ገቢ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማይንዝ ያለችው እህቴ እንዳለችው አደረግሁ። እራት ሠርቼ፣ ከበላን በኋላ፣ «አንተ ላይ ነገር እንዳይመጣ ፈራሁ» ብዬ ጀመርኩ። መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ለካ እሱም ሲጨነቅበት የከረመ ነገር ነው። ደብዳቤውን አብረን ጻፍን፣ የድርጅቱ ፈቃድ መጣ። ኪራዩ ላይ ትንሽ ጨመሩበት፣ ለሁለት ተካፈልነው።

ስሙን ግን በወረቀትና በፕላስተር ልለጥፍ ስል ሃውስማይስተሩ ደርሶ ነቀለው! «እዚህ ሕንፃ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» አለኝ፤ ራሱ በማሽን አትሞ፣ በልኩ ቆርጦ፣ በጠመንጃ መፍቻ ከፍቶ አስገባልኝ። ቁጡ የሚመስል ሰውዬ ነበር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ በአያቴ ስም እየጠራ ሰላም ይለኛል። እማማ፣ የርስዎን ታሪክ አስታውሼ ብቻዬን ሳቅሁ።

የታክስ ቁጥሩ መጥቶ ሰው ኃይል ሰጥቻለሁ። የባንኩ ፒን ከካርዱ ቀድሞ መጣ። አሁን ሌላ ጥያቄ፦ እሑድ ምን ታደርጋላችሁ? ሱቅ ዝግ፣ መንገዱ ጭር፣ ተረኛ ካልሆንኩ የምውለው ቤት ነው። ባለፈው እሑድ ጠርሙስ ልጥል ወጥቼ አንዲት አሮጊት ከመስኮት ጮኸችብኝ።

ሰፈሬ_ጋሉስ
ጠርሙስ እሑድ አይጣልም፣ ሲሰበር ድምፅ አለዋ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም (በኛ አቆጣጠር) ጸጥታ ነው። ፕላስቲኩን ደግሞ አትጣዪው፣ አብዛኛው 25 ሳንቲም ነው፤ ሱፐርማርኬት ማሽን ውስጥ መልሺው። እሑድ አንድ ነገር ካለቀብሽ ዋናው ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያሉት ሱቆች ክፍት ናቸው፣ ኤርፖርቱም።

የሄሰን_ልጅ
ሰዓት ካነሣችሁ፦ ተርሚን ስትይዢ በኛ ሰዓት አታስቢ። «14» ካሉሽ 8 ሰዓት ነው ብለሽ ጭንቅላትሽ ውስጥ ስትመነዝሪ ይምታታል። ስልክሽን ሙሉ በሙሉ በፈረንጁ አድርጊው። ቤተሰብ ጋ ስትደውዪ ደግሞ እዚህ ብርድ በሆነባቸው ወራት አዲስ አበባ በ2 ሰዓት ይቀድማል፣ እዚህ ሙቀት በሆነባቸው ወራት በ1 ሰዓት፤ በፈረንጁ አቆጣጠር መጋቢትና ጥቅምት መጨረሻ እሑድ ላይ እዚህ ሰዓት ስለሚቀየር። የኔ እናት እስከ ዛሬ አልገባትም፣ እኩለ ሌሊት ላይ ትቀሰቅሰኛለች።

እማማ_ኦፈንባህ
እሑድማ ቤተ ክርስቲያን ነዋ ልጄ። ባትሳለሚም ከቅዳሴ በኋላ ያለውን ነይ። ደረቅ እውነት ሐበሻ አልፈልግም ይላል፣ አውቀዋለሁ ያንን፤ እኔም ልጅ ሳለሁ እንደሱ ብዬ ነበር። ሰው ሲታመም የሚያየው፣ ሲሞት የሚያለቅስለት እድርተኛ ነው። እድራችን አለ፣ በየወሩ ይሰበሰባል። አዲስ የመጣ ከሆነ ወርኃዊውን ለጊዜው እናቆይለታለን።

ደረቅ_እውነት
እማማ፣ እኔ እድሩ ላይ ጥል የለኝም። ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ የአገር ቤት ፖለቲካ ሲነታረክ የሚውል ሰው ጀርመንኛ መቼ ይማራል? ሐሰንጋሰ ያለው ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ሄዳ ብትቀመጥ ይሻላታል። ሙቀት አለ፣ ጸጥታ አለ።

ነርስ_በማይንዝ
ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት፣ እሑድ እድር። ምን ያጣላችኋል?

ሸዋዬ_በኦበርኡርዘል
ቡና ስትቆዪ ተጠንቀቂ እህቴ። ጣሪያ ላይ ያለችው ክብ ነጭ ነገር (የጭስ ማስጠንቀቂያዋ) ጭስ ትጠላለች። እኔ ማደሪያ ውስጥ ሆኜ እጣን ጨምሬበት የእሳት አደጋ መኪና መጥቶ ሕንፃው በሙሉ በፒጃማ ውጭ ቆመ። በግል አፓርታማ እሷ የምትጮኸው እዚያው ቤት ውስጥ ብቻ ነው፣ በብዙ ማደሪያ ግን በቀጥታ ከእሳት አደጋ ጋር የተያያዘች ናት፣ ወጪውንም ሊያስከፍሉ ይችላሉ። ቡናውን መስኮት ከፍተሽ፣ የክፍሉን በር ዘግተሽ ቁዪ። ነቅሎ ማውጣት ክልክል ነው፣ እንዳይሞክርሽ።

አዲስ_ገቢ
ኧረ በስመ አብ! እጣኑንማ ትቼዋለሁ እንግዲያው።

ከጂዳ_ወደ_ሄሰን
ለክሩ ባለቤት ይቅርታ፣ ጥያቄ ልሸጉጥ። በቤተሰብ ማገናኘት ባለቤቴ ጋ የመጣሁ ነኝ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ይዤ መንዳት እችላለሁ ወይ? አንዱ ይቻላል ይላል፣ ሌላው ያሳስሩሻል ይላል።

የሄሰን_ልጅ
ኑሮሽን እዚህ ካደረግሽ ጀምሮ 6 ወር፣ ከትርጉሙ ጋር። ከዚያ በኋላ ዋጋ የለውም፣ ከነዳሽ ያለ መንጃ ፈቃድ እንደነዳሽ ነው፤ የወንጀል ጉዳይ ይሆናል። የኢትዮጵያው በቀጥታ አይቀየርም፣ ቲዎሪም ተግባርም ትፈተኛለሽ። አንድ የሚቀልልሽ ነገር ግን አለ፦ በፊት መንጃ ፈቃድ ስላለሽ እንደ ጀማሪ የግዴታውን ሰዓት ሁሉ እንድትማሪ ሕጉ አያስገድድሽም። መንጃ ትምህርት ቤቱ የግድ ነው ካለሽ ሌላ ጋ ጠይቂ።

ከጂዳ_ወደ_ሄሰን
ቲዎሪው በአማርኛ አለ?

የሄሰን_ልጅ
በአማርኛ የለም። ከጀርመንኛ ሌላ በ12 ቋንቋ ነው፣ እንግሊዝኛም አረብኛም አሉበት። ጂዳ ከነበርሽ አረብኛሽ ጥሩ ይመስለኛል?

ከጂዳ_ወደ_ሄሰን
ከአማርኛዬ አይተናነስም።

የሄሰን_ልጅ
እንግዲያው በአረብኛ ግቢበት። መኪና ላይ ያለው ፈተና ግን በጀርመንኛ ነው፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቁሚ፣ አዙሪ የሚሉትን ከባለቤትሽ ጋር ስትነዱ ጮክ እያልሽ ተለማመጂ።